ልጄን ቶንሲል እየደጋገመ እየያዘው ነው፣ ይቧጠጥ እያሉኝ ነው፣ ምን ትመክሩኛላችሁ? (ደሴ)

እሙ ያሲር፦
አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም። እስኪ የጤና ባለሙያ ካላችሁ ወይም ልጅ ያሳደጋችሁ ካላችሁ አንድ ነገር አማክሩኝ። ልጄ ሰባት አመቱ ነው። ብርዱ ከገባ ወዲህ ጉሮሮውን እየደጋገመ እያመመው ነው፣ ደሴን ደሞ ታውቋታላችሁ ከጦሳ ንፋሱ ሲወርድ እንኳን ለልጅ ለትልቅ ሰውም አይቻልም። ድንገት ያተኩሰዋል፣ ምራቁን መዋጥ ያቅተዋል፣ አንገቱ ስር በሁለቱም ጎን ያብጥና ስነካው ያለቅሳል። ትላንት ማታ በስልኬ መብራት አፉን አስከፍቼ ምላሱን በማንኪያ ጫን አርጌ ሳየው ግራና ቀኙ ደም መስሎ ቀልቷል፣ ላዩ ላይ ደሞ ነጭ ነጭ ነገር ጣል ጣል ብሎበታል፣ እንጥሉም አብጣ ምላሱ ላይ ልትተኛ ምንም አልቀራት።

አማቴ "እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ቶንሲሉም ይቧጠጥ፣ የማውቃት ሴትዮ አለች በጥፍሯ ብቻ ነው ምትሰራው ምላጭ እንኳ አትነካም" አሉኝ። አማቴ ልጆቼን በእጃቸው ያሳደጉልኝ ሰው ናቸው፣ በጣም ነው ማከብራቸው፣ ፊት ለፊት እምቢ ማለት ከበደኝ። ባለቤቴ ሹፌር ነው መንገድ ላይ ነው፣ ስደውልለት እማዬ ያለችሽን አርጊ ይለኛል። ባለፈው ሲያመው ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ሽሮፕ ተገዝቶለት ነበር፣ ትኩሳቱ ሲለቀው የተረፈው ለሌላ ጊዜ ይሆናል ተብሎ ፍሪጅ ውስጥ አለ። ከሱ ልስጠው? ወይስ ላስቧጥጠው? ወይስ ሆስፒታል ልሂድ? ጀዛኩሙላህ ኸይር።

ፋርማሲስቷ፦
ወአለይኩም ሰላም እህቴ፣ አላህ ያሽርልሽ። ከፍሪጁ ልጀምር፣ እሱን ድፊው። የአሞክሳሲሊን ዱቄት አንዴ በውሃ ከተበጠበጠ በኋላ እንደ ስሪቱ ከ7 እስከ 14 ቀን ነው ሚቆየው፣ ጠርሙሱ ላይ ተፅፏል፣ ከዛ ካለፈ ሀይሉን ያጣል። ደሞ ተሻለው ብሎ መሀል ላይ ማቆም ፋርማሲ ቁጭ ብዬ በየቀኑ ማየው ነገር ስለሆነ ሁሉም እናት እንድትሰማኝ እፈልጋለሁ። ትኩሳቱ በሁለት በሶስት ቀን ይለቃል፣ ጀርሙ ግን ጉሮሮው ውስጥ አልሞተም።

የጉሮሮ ህመም አብዛኛው ከቫይረስ ነው። ንፍጥ ካለ፣ ሳል ካለ፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ አይኑ ከቀላ ብዙ ጊዜ ጉንፋን ነው፣ አንቲባዮቲክ ምንም አያረግለትም፣ በሳምንት ውስጥ በራሱ ይሄዳል። በልጆች ላይ ግን ከአስሩ ሁለቱ ወይ ሶስቱ ስትሬፕቶኮከስ ከሚባል ባክቴሪያ የሚመጣ ነው። የሱ ምልክቱ አንቺ የፃፍሽው ነው፣ ድንገት የሚመጣ ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ ቶንሲሉ ላይ ነጭ መግል፣ አንገት ስር ከፊት በኩል ሲነካ የሚያም እብጠት፣ ከዛ ደሞ ሳል አለመኖሩ። ሳል አለው የለውም አልነገርሽንም፣ ጤና ጣቢያ ስትሄጂ መጀመሪያ እሱን ንገሪያቸው። እድሜውም ከ5 እስከ 15 ባለው ውስጥ ነው፣ ለዚህ በሽታ ዋናው እድሜ።

ይሄን ሁሉ ማወራው ለጉሮሮው ብዬ አይደለም፣ ለልቡ ብዬ ነው። ይሄ ባክቴሪያ በደንብ ካልታከመ አንዳንድ ልጆች ላይ ከሁለት ከሶስት ሳምንት በኋላ ሰውነታቸው ባክቴሪያውን ለመዋጋት ያዘጋጀው መከላከያ ዞሮ የራሳቸውን መገጣጠሚያና የልብ ቫልቭ፣ ማለትም ደም ሚያሳልፈውን የልብ በር ያጠቃል። ዛሬ ጉልበቱን ያመዋል፣ ነገ ቁርጭምጭሚቱን፣ ከነገ ወዲያ ክርኑን፣ ከዛ ልብ ላይ ይቀመጣል። ሩማቲክ የሚባለው የልብ በሽታ ማለት ይሄ ነው፣ አገራችን ላይ ወጣቶችን ልብ ታማሚ ከሚያረጉት አንዱና ዋናው ነው መነሻውም ጉሮሮ ነው።

ደስ ሚለው ነገር መድኃኒቱ ቀላልና እዚሁ ያለ ነው። አሞክሳሲሊን ወይም ፔኒሲሊን በሚዋጥ 10 ቀን ሙሉ፣ ወይም መዋጥ ካስቸገረ ቤንዛታይን ፔኒሲሊን አንድ መርፌ መቀመጫ ላይ። መጠኑ በኪሎው ነው ሚሰራው ስለዚህ እዚህ አልፅፍልሽም፣ መዝነው ይስጡሽ። ከዚህ በፊት ፔኒሲሊን ወስዶ ሰውነቱ ሽፍ ያለበት ወይ ያበጠበት ከሆነ ተናገሪ። ህመሙ ከጀመረ እስከ 9 ቀን ባለው ውስጥ ቢጀመር እንኳ የልቡን ነገር ይከላከላል፣ ስለዚህ አትደንግጪ አልረፈደብሽም፣ ግን ዛሬ ሂጂ።

የሮቢት ልጅ፦
እኔ ማልስማማበት ነገር አለ። እኛ ገጠር ስናድግ ሁላችንም ተቧጥጠናል እንጥልም የተቆረጠ አለ፣ ይሄው ደህና ነን። እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ ተቧጥጬ በሶስተኛው ቀን ቆሎ ቆርጥም ነበር። እናቶቻችን ምንም ሳያውቁ አይደለም ያደረጉት፣ ሀኪም ቤት ሄደሽ ቀኑን ሙሉ ተሰልፈሽ ያው ሽሮፕ ነው ሚሰጡሽ። አማትሽን ባታስቀይሚ ጥሩ ነው።

ሰኞ ገበያ፦
ወንድሜ አንተ ደህና ስለሆንክ አልሀምዱሊላህ። የእኔን እህት ልንገርህ። እሷም ልጅ ሆና ጉሮሮዋን ሲደጋግምባት ተቧጥጣለች፣ በሳምንቱ ተሻላት ተባለ። ከዛ ጉልበቷ አበጠ፣ ቁርጥማት ነው ብርድ ነው ተብሎ በቅቤ ታሸ፣ እሱም ለቀቃት። አስራዎቹ ውስጥ ስትገባ ዳገት መውጣት አቃታት። ደሴ ላይ ዳገት የሌለው መንገድ የት አለ? ከቤታችን ዋናው አስፋልት ድረስ ስትወጣ ሁለቴ ቆማ በር ላይ ተደግፋ ትተነፍስ ነበር፣ እኛ ደሞ ሰነፈች እንላት ነበር። ማታ ትራስ ደራርባ ነው ምትተኛው፣ ሳል አለባት፣ እግሯ ያብጣል። በመጨረሻ ልቧ በአልትራሳውንድ ሲታይ ቫልቩ ጠቧል ደግሞም ያፈሳል አሉን።

አሁን በየወሩ ያንን ፔኒሲሊን መርፌ ትወጋለች። ቢያንስ እስከ 40 አመትሽ ነው ብለዋታል። መርፌው ያማል በጣም፣ የወጋት ቀን እያነከሰች ነው ወደ ቤት ምትገባው፣ አንድ ወር ግን አስቀርታ አታውቅም። ማርገዝ እንኳ ከልብ ሀኪም ጋር ተመካክራ ነው፣ የቫልቭ ኦፕሬሽን ካስፈለገ ደሞ መንገዱ አዲስ አበባ ነው። እሙ ያሲር እህቴ እኔ አማትሽን ብሆን ይሄንን እንዲነግረኝ እፈልግ ነበር፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢላቸው። ልጅ ልጃቸውን ሚወዱ ሰው ስለሆኑ ይሰማሉ።

ፋርማሲስቷ፦
ሰኞ ገበያ አላህ አፊያዋን ይመልስላት፣ ስለፃፍሽልን እናመሰግናለን። የሮቢት ልጅ አንተም ቅን ሆነህ ነው የፃፍከው፣ ግን መቧጠጥ ለምን ሰራ እንደሚመስል ላስረዳ። ቫይረስም ሆነ ባክቴሪያ የጉሮሮው ህመም በአምስት በሰባት ቀን ውስጥ በራሱ ጋብ ይላል። ሰው ደሞ ልጁን ወደ ቧጣጯ ሚወስደው ህመሙ ሲብስ ማለትም በሶስተኛው በአራተኛው ቀን ነው። ስለዚህ ከተቧጠጠ በኋላ በሁለት ቀን ይሻለዋል፣ ሳይቧጠጥም በሁለት ቀን ይሻለው ነበር። ባክቴሪያው ከሆነ ግን ህመሙ ሄዶ ጣጣው ይቀራል፣ በሰኞ ገበያ እህት እንደሆነው።

እንጥል ደሞ አይወርድም። እንጥል ሁልጊዜ እዛው የተንጠለጠለ ነው፣ ዙሪያው ሲቆጣ እሱም አብሮ ያብጥና ይረዝማል፣ ህመሙ ሲለቅ ይመለሳል። ቶንሲል ዙሪያ ደሞ ብዙ የደም ስር አለ፣ በጥፍርም በምላጭም ሲቧጠጥ ደሙ አልቆም ብሎ ልጅ ይሞታል፣ ይሄ በአገራችን ደርሷል። ጥፍር ንፁህ ነው የሚለውን ነገር ደግሞ እባካችሁ ተዉት፣ ከአንዱ ልጅ ደም ወደ ሌላው ልጅ ቁስል ነው ሚሄደው፣ ኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ በዚህ መንገድ ይመጣሉ፣ መንጋጋ ቆልፍ ደሞ ከጥፍሩ ቆሻሻ ወደ ቁስሉ ይገባል። ከዛ ሌላ ቁስሉ መግል ይዞ ወደ አንገት ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ቶንሲል በእውነት መውጣት ሚያስፈልገው ልጅ አለ፣ አልክድም። በአንድ አመት ውስጥ 7 ጊዜና ከዛ በላይ በደንብ የታየና የተመዘገበ ቶንሲል ከያዘው፣ ወይም ለሁለት አመት በየአመቱ 5 ጊዜ፣ ወይም ለሶስት አመት በየአመቱ 3 ጊዜ፣ ወይም ቶንሲሉ ከማበጡ የተነሳ ማታ እያንኮራፋ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ሚል ከሆነ አንገት በላይ ሀኪም አይቶ በማደንዘዣ ያወጣዋል። ለዛ ነው በየጊዜው ሲያመው ጤና ጣቢያ አሳይታችሁ ካርዱ ላይ እንዲፃፍ ማድረግ ሚጠቅመው። ጤና መድን ያላችሁ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ካላፃፋችሁ ሆስፒታል ላይ ትቸገራላችሁ።

መምህርት ከኮምቦልቻ፦
ይቅርታ የእህቴን ጥያቄ መሀል ገባሁ ግን እኔም ጉሮሮዬ ነው የቸገረኝ። መምህር ነኝ፣ ክፍሉ በተማሪ የታጨቀ ነው፣ ጮኬ ነው ማስተምረው። ትኩሳት የለኝም፣ ስውጥም አያመኝም፣ ድምፄ ግን ጠዋት ጠዋት ይጎረንናል፣ ከሰአት በኋላ ጭራሽ ይዘጋል። ሁልጊዜ ጉሮሮዬ ላይ የሆነ ነገር የተቀረቀረ ይመስለኛል፣ እህም እህም እላለሁ ምንም አይወጣም። አንቲባዮቲክ ሁለት አይነት ተሰጥቶኝ ጨርሼዋለሁ ምንም ለውጥ የለውም። ካንሰር ይሆን እንዴ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

ጤና መኮንን፦
መምህርት አብሽሪ፣ የፃፍሽው ነገር ከሁሉም በላይ ሁለት ነገር ነው ሚመስለው፣ ሁለቱንም አንቲባዮቲክ አይነካቸውም። አንደኛው የድምፅ አውታሮችሽ ከመጮህ ብዛት ደክመው ነው፣ መምህራን፣ ሙአዚኖች፣ ካህናት፣ ገበያ ላይ ሚጣሩ ሰዎች ይሄ ይበዛባቸዋል፣ ሲቆይ አውታሩ ላይ ትንንሽ እብጠት ያወጣል። ሁለተኛው የጨጓራ አሲድ ነው። አሲዱ ማታ ስትተኚ ወደላይ ይመጣና ማንቁርትን ይለበልባል፣ ደረት ላይ ቃር ሳይሰማሽም ሊሆን ይችላል። ጠዋት ጠዋት መጎርነን፣ የተቀረቀረ ነገር ያለ መምሰል፣ እህም እህም ማለት ብዙ ጊዜ ከሱ ነው።

እራት በልተሽ ወዲያው አትተኚ፣ ሶስት ሰአት ያህል ይለፈው። ያልጋሽን ራስጌ እግሩን በጡብ ከፍ አርጊው፣ ትራስ መደራረቡ አንገት ያጥፋል እንጂ ብዙ አይረዳም። በርበሬ የበዛበት ወጥ፣ ቡና በባዶ ሆድ፣ ጫት ካለ ጫት፣ ለጊዜው ቀንሺና ልዩነቱን እይ። ክፍል ውስጥ የውሃ ኮዳ ይኑርሽ፣ እህም ማለት ሲያምርሽ አንድ ጉንጭ ውሃ ጠጪበት፣ እህም ባልሽ ቁጥር አውታሮቹ ይጋጫሉ። ድምፅሽን ለማሳረፍ ብለሽ አታንሾካሹኪ፣ ማንሾካሾክ ከቀስታ ንግግር በላይ ያደክመዋል። ጥቁር ሰሌዳው ላይ እየፃፍሽ ወደ ሰሌዳው ዞረሽ አትናገሪ፣ ፅፈሽ ጨርሰሽ ዞረሽ ተናገሪ፣ የጠመኔው አቧራም ያደርቃል። ኦሜፕራዞል የሚባል የአሲድ መቀነሻ ሚሰጥ ሀኪም ይኖራል፣ በራስሽ ግን ለወራት አትውሰጂው።

አሁን ካንሰር ስላልሽው። የድምፅ መጎርነን ሶስት ሳምንት ካለፈው ማንም ሰው ይሁን አንገት በላይ ሀኪም በመሳሪያ ማንቁርቱን ማየት አለበት፣ በተለይ ሲጋራ ሚያጨስ። አንቺም ካለፈሽ ተመልከቺ፣ ታይቶ ደህና ነው መባሉ ራሱ እንቅልፍ ይሰጣል። ሌላው ምልክት መጀመሪያ እንጀራና ዳቦ፣ ከዛ እየቆየ ሾርባም ጭምር አልዋጥ ማለት፣ ክብደት መቀነስ፣ አንገት ላይ ማያም ግን እየጠነከረ ሚሄድ እብጠት፣ ደም የቀላቀለ ምራቅ ነው። እነዚህ ካሉ ቀጠሮ ሳይራዘም ይታይ። አንገት ፊት ለፊት ላይ ሲውጡ ከፍ ዝቅ ሚል እብጠት ከሆነ ደሞ እንቅርት ነው፣ ሲተልቅ ጉሮሮን ይጫናል፣ እሱም በአልትራሳውንድና በደም ይታያል። አዮዲን ያለው ጨው ተጠቀሙ፣ ክዳኑ ተዘግቶ ይቀመጥ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት።

የቃሉ ልጅ፦
ስለ ደም ካነሳችሁ አንድ ነገር ልጨምር፣ ከተማ ያለ ሰው ላያውቀው ይችላል ገጠር ዘመድ ያለው ግን ያውቃል። አጎቴ ሲናገር ድምፁ ተዘጋ፣ ጠዋት ጠዋት ትኩስ ደም ይተፋል፣ ጉሮሮዬ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ ይላል። ሰው ሁሉ ሳንባ ነቀርሳ ነው አለው፣ አክታው ተመረመረ የለም ተባለ። ከዛ አንገት በላይ ክፍል ውስጥ በመብራት ሲታይ አልቅት ነው! በጋ ላይ ከብት ከሚጠጣበት ምንጭ በእፍኙ ጠጥቶ ነው የገባበት። አደንዝዘው በጉጠት ይዘው አወጡት፣ ጠቁሮ ተነፍቶ፣ ጣቴን ያክላል። በዛው ቀን ደሙ ቆመ። ሰፈር ውስጥ የትምባሆ ውሃ ይጠጣ ሲሉ ነበር፣ እባካችሁ አታርጉት ትምባሆ መርዝ ነው፣ አልቅቱ ለቆ ወደ አየር ቧንቧ ቢወርድ ደሞ ሰው ያንቃል። የምንጭ ውሃ ቢያንስ በነጠላ አጥልላችሁ ቢቻል አፍልታችሁ ጠጡ።

የሐይቅ እናት፦
ልጆቼ እንደምን ዋላችሁ። እኔ የተማርኩ አይደለሁም የልጅ ልጄ ነው ሚፅፍልኝ። ቧጣጭ ቤት መሄዱን ከተዋችሁ ቤት ውስጥ ምን እንስጥ ለምትሉ እኛ ጦስኝ አፍልተን ከማር ጋር ነው ምንሰጥ፣ ዝንጅብልም። ዳማከሴም ጨምቀን በቡና እንሰጣለን። ይሄ ይከለከላል ወይ ፋርማሲስቷ ልጄ?

ፋርማሲስቷ፦
እማማ አይከለከልም፣ እንዲያውም ማር ጉሮሮን ያለሰልሳል ሳልንም ያበርዳል፣ ማታ ከመኝታ በፊት አንድ ማንኪያ መስጠት ጥሩ ነው። አንድ አመት ላልሞላው ህፃን ግን ማር ፈፅሞ አይሰጥም፣ ለህፃን ሚያሰጋ መመረዝ ያመጣል። ዳማከሴውን ለትልቅ ሰው ልማዱ ነው፣ ለትንሽ ልጅ ግን መጠኑ አይታወቅምና ባይሰጥ እመርጣለሁ፣ አረቄም እንደዚሁ። ለብ ባለ ውሃ በአንድ ብርጭቆ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አርጎ መጉመጥመጥና መትፋት በቀን ሶስት አራቴ ህመሙን ይቀንሳል፣ መትፋት ለሚችል ልጅ ነው እሱም። ሻዩ ለብ ያለ ይሁን፣ ሚያቃጥል ትኩስ አይጠጣ። ለህመምና ለትኩሳት ፓራሲታሞል በኪሎው፣ አስፕሪን ለልጅ የለም። ከሰል ሚቀጣጠልበት፣ እጣን ሚጨስበት ክፍል ውስጥ አይተኛ፣ ደሴ ላይ በብርድ ምክንያት በር ዘግተን ከሰል እናስገባለን፣ ጉሮሮውን ማድረቁ ቀርቶ ጋዙ ራሱ ሰው ይገድላል።

እሙ ያሲር፦
አልሀምዱሊላህ ሄድን። የሰኞ ገበያን ፅሁፍ ለአማቴ አነበብኩላቸው፣ ዝም ብለው ሰሙኝና ነጠላቸውን ለብሰው ከኔ በፊት በር ላይ ቆሙ፣ ተራውንም ተሰልፈው የያዙት እሳቸው ናቸው። ሳል እንደሌለው ነገርኳቸው፣ አይተው ባክቴሪያው ነው ሚመስለው ብለው የ10 ቀን አሞክሳሲሊን ፃፉለት። 21 ኪሎ ሆነ። አማቴ "እኔ ነኝ ምሰጠው ማንም እንዳይነካብኝ" ብለው ጠርሙሱን ይዘውታል። አሁን ማታ ላይ ምን ካየሁ ነው መሮጥ ያለብኝ? እሱን ንገሩኝ በአላህ።

ፋርማሲስቷ፦
ማሻአላህ፣ አማትሽን ሰላም በይልኝ። በሁለት ሶስት ቀን ውስጥ ትኩሳቱ መውረድ አለበት፣ ካልወረደ ተመለሺ። ለሀጩን መዋጥ አቅቶት ከአፉ ሚፈስ ከሆነ፣ ድምፁ አፉ ውስጥ ትኩስ ድንች የያዘ ከመሰለ፣ አፉን መክፈት ካቃተው፣ አንዱ ጎን ከሌላው በጣም ካበጠ፣ ሲተነፍስ ድምፅ ካወጣ ወይ ቁጭ ብሎ ወደፊት ካጎነበሰ፣ አንገቱን ማዞር ካቃተው ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው፣ በመንገድ ላይ ምንም አታብሉት አታጠጡት፣ አፉንም በማንኪያ ለማየት አትሞክሩ፣ የአየር መንገዱ ሊዘጋ ይችላል። ጉሮሮው ላይ ግራጫ ቆዳ መሳይ ነገር ተጣብቆ አንገቱ ከወፈረ ደሞ ዲፍቴሪያ ሊሆን ይችላል፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ክትባቱን መውሰዱን ካርዱ ላይ አረጋግጪ።

መድኃኒቱን ከጨረሰም በኋላ ለአንድ ወር ያህል እይው። መገጣጠሚያው እየተዘዋወረ ካመመው፣ እጁ ያለፈቃዱ ከተወናጨፈ፣ ሲሮጥ ቶሎ ከደከመው፣ ጠዋት ፊቱ አብጦ ከተነሳ ወይም ሽንቱ የኮካ ቀለም ካመጣ ጉሮሮውን አሞት እንደነበር ጠቅሰሽ አሳዪው፣ ካልነገርሻቸው ሁለቱን ላያገናኙት ይችላሉ። ቤት ውስጥ ያሉት ሌሎቹ ልጆች በማንኪያና በብርጭቆ አይጋሩት፣ መድኃኒት በጀመረ ማግስት ትኩሳት ከሌለው ትምህርት ቤት ይሄዳል። ታናሽ ካለው ደሞ እሱም ጉሮሮዬን ካለ ነገ ዛሬ ሳትዪ ውሰጂው፣ ከያሲር ጠርሙስ ግን እንዳታካፍይው።